ስለ ኮፍያ ሠሪዎቹ እናቶችና ስለ ደንባችን
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ኮሚቴው «ስለ ሴቶቹ የኮፍያ ሥራ አንድ ነገር አዘጋጁ» ብሎ ሲያዘን፣ እኛ ብዕር እንጂ ኪሮሽ ይዘን የማናውቅ የመዝገብ ቤት ጡረተኞች ነንና ትንሽ ግር ብሎን ነበር። ሆኖም ነገሩ ባለፈው ስብሰባ በግማሽ ተነሥቶ በጩኸት የተዘጋ በመሆኑ፣ ዛሬ በጽሑፍ ቢቀርብ ይሻላል ተባለ። እውነትም ነው፤ በጽሑፍ የቀረበ ነገር ቢያንስ አይጮኽም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከእድራችን ሴት አባሎች አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም እስከ አሥራ ስምንት የሚሆኑት ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ በሚቀመጥበት ቤታችን በረንዳ ላይ ተሰብስበው ኮፍያ ይሠራሉ። የሚሠሩት ለአራስ ሕፃን የሚሆን ትንሽዬ የክር ኮፍያ ነው። ክር ሲተርፍ ለሽማግሌና ለጥበቃችን የሚሆን ትልቅም ይሠራሉ፤ ከናንተም መካከል አሁን ራሳችሁ ላይ ደፍታችሁት የተቀመጣችሁ አላችሁ፣ ስም አንጠራም። የተሠራው ታጥቦና ደርቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የቀረውም በየመንደሩ ለወለዱት በእጅ ይሰጣል። ባለፈው የተነሣው ጥያቄ «እድር ለቀብር ነው፤ ከኮፍያና ከቡና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ነበር። ጥያቄው የክፋት አይደለም። የጠየቁት አባት እድሩን ከመሠረቱት አንዱ ናቸውና አጥጋቢ መልስ ይገባቸዋል።

አጀማመሩን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። የአገናን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደመናው ከተራራው ወርዶ ጣሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ምድጃ ዳር ካልሆኑ እጅ አይፈታም። አንዲት ወጣት፣ የአባላችን ሚስት፣ ቀኗ ሳይደርስ እቤቷ ወለደች። ልጁ ትንሽ ነበረ። በአራተኛው ቀን ዐረፈ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተተከለም። ደንባችን ሰማንያ ቀን ያልሞላው ሕፃን ቢሞት እድሩ አይጠራም ይላልና። አባትየው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ማልዶ ቀበረና ከሰዓት ሥራው ገባ። ሰፈሩ የሰማው በሳምንቱ ነው።

ሦስት ጎረቤት ሴቶች ግን ማንም ሳያዛቸው ቆጮና ቡና ይዘው ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አንደኛዋ፣ ባዶ እጇን መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት፣ ከነጠላዋ ሥር ኪሮሽና ክር አወጣች። ሌላዋ ቆጣ ብላ «በልቅሶ ቤት የእጅ ሥራ ነውር አይደለም እንዴ?» አለቻት። ቀና ብላ «ተያት» ያለችው አራሷ ናት። «ምንድነው የምትሠሪው?»

«ኮፍያ።»

«ለማን?»

ሴትዮዋ መልስ አልነበራትም። ትንሽ ቆይታ «ለሚወለደው» አለች። አራሷም «እስቲ እኔንም አሳዪኝ» አለች፤ ይኸው ዛሬም ከማክሰኞዎቹ ሴቶች አንዷ እርሷ ናት። ይህን የተናገርነው በእርሷ ፈቃድ ነው።

ይህች «ለሚወለደው» የምትል ቃል ሳይታሰብ ሌላ ችግር ፈታች። በኛ አገር ልጅ ሳይወለድ ልብስ ማዘጋጀት ሟርት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለእገሊት ልጅ ተብሎ ኮፍያ ቢሠራ እናትየውም አትቀበልም፣ አማትዋም ትቆጣለች። ለማን እንደሚደርስ ሳይታወቅ የሚሠራ ኮፍያ ግን ማንንም አያሟርትም። እናም እርጉዝ ሴቶች ራሳቸው መጥተው ይሠሩ ጀመር፤ የሚሠሩት ለሰው ልጅ ነው፣ ከተወለደ በኋላ ከክምሩ ውስጥ አንዱ ለእነርሱም ይደርሳቸዋል።

አሁን ወደ መክሰሱ እንምጣ። ባለፈው ጩኸቱን ያመጣው ከኮፍያው ይልቅ መክሰሱ ነበርና። «በእድር ቤት ድግስ ይበላል» ተብሏል። ስለዚህ ሁለት ማክሰኞ ሄደን ተመልክተናል፤ ቀምሰናልም። ምርመራው አድልዎ አለበት የሚል ካለ በኋላ ሊናገር ይችላል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ወራት ነገሩ ወደ ድግስ ሊሄድ ነበር። አንዷ ጎመን ክትፎ በቅቤ አርሳ የመስቀል ያህል አድርጋ አመጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ከነማሩ አመጣች። ሦስተኛዋ ከዚያ ማነስ አልሆነላትም። የጉራጌ ሴት ቅቤዋን እንዴት አድርጋ ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል እንደምታጠራቅም የማያውቅ እዚህ የለም፤ ያ ቅቤ በየማክሰኞው ሲወጣ ቤት ይጎዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሁለት ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች መምጣት አቆሙ። አሞናል ይላሉ፤ ሥራ በዝቶብናል ይላሉ። በኋላ እንደታወቀው ግን ይዘው የሚመጡት ስላጡ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ከሁሉ ጥሩ አድርገው ኮፍያ የሚሠሩት እነዚያ ሁለቱ ነበሩ።

ሴቶቹ ይህን እንደተረዱ ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ የኛ ኮሚቴ ደንብ ለማውጣት ስንት ስብሰባ እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ፣ እነርሱ በአንድ ቡና ጨረሱት። ተራ የደረሳት ብቻ ታመጣለች፤ የምታመጣውም አንድ ዓይነት ነው፤ ከጓሮ ወይም ከጓዳ የተገኘ እንጂ ከሱቅ የተገዛ አይሆንም፤ ቅቤ ከመስቀል ሰሞን በቀር አይገባም። ስለዚህ የሚበላው የተቀቀለ አምቾ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ ቆጮ በጎመን፣ ቢበዛ ዳቦ ቆሎ ነው። የሱቅ ብስኩት የከለከሉበት ምክንያት አስቂኝ ነው፤ ብስኩቱ ርካሽ ነው፣ ግን ማሸጊያው ላይ ያለው ዋጋ ይነበባል። አምቾ ላይ ዋጋ አልተጻፈም።

ሁለቱ እናቶች ተመልሰዋል። አንደኛዋ የምታመጣው ዳቦ ቆሎ ለሌሎቹ ትምህርት ሆኗል። የስንዴ ዱቄቱን በጥቂት ዘይትና ጨው፣ በርበሬም ጣል አድርጋ፣ ጠጠር አድርጋ ታሸዋለች፤ እንደ ጣት ቀጭን አድርጋ እያድበለበለች በቢላዋ ትቆርጣለች። ከዚያ ቸኩላ ምጣድ ላይ አትጥለውም፤ ጨርቅ ላይ በትና ጥቂት ያናፍሳታል። እሳቱንም ዝቅ ታደርጋለች። አብዛኛው ሰው በትልቅ እሳት ይቆላና ውጪው ሲያር ውስጡ ሊጥ ይሆንበታል። ዳቦ ቆሎ የማይበላሽ በመሆኑ ነው ድሮ የመንገደኛ ስንቅ የነበረው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በየቀበሌው እናቶች ለዘማቹ ከበሶው ጋር ያዘጋጁት የነበረም ይኸው ነው። እኛ በዚያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ የቆሎው ሽታ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

ማክሰኞ የተመረጠውም እንዲሁ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። እድራችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም ያለበት ስለሆነ፣ ሁሉም ሊቀምሰው የሚችል ነገር መፈለግ ግድ ነው። ከላይ የዘረዘርነውን ብታዩት ሁሉም የጾም ምግብ ነው። በረመዳን ደግሞ ቡናው አይፈላም፤ የተራው መክሰስ ተጠቅልሎ ለሙስሊሞቹ እናቶች ለማፍጠሪያቸው ይሰጣል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። እንግዲህ ድግስ የተባለው ይህ ነው።

ስለ ሥራው ጥቂት እንበል፤ ብዙ ወንዶች ቀላል ይመስለናልና። በወሩ ሙሉ የተወለደ ሕፃን ራስ ዙሪያው ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኮፍያው የሚጀመረው ከመሐል አናት ነው፤ ጥቂት ሰንሰለት ተይዞ ክብ ይደረጋል፣ ከዚያ በየዙሩ እየተጨመረ እንደ ሰፌድ ይሰፋል። መጨመሩ መቼ ይቁም? እዚህ ላይ እኛም አንድ ነገር አበርክተናል፤ 35ን በ3.14 ስናካፍል 11 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት መጣ። ስለዚህ ክቡ ወርዱ 11 ሲደርስ መጨመሩ ቆሞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሴቶቹ ስሌቱን ሰምተው ሳቁብን። በአራት ጣት ለክተው ከጀመሩት ጊዜ አንሥቶ ያው ልክ ላይ ነው የሚያቆሙት። ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሠራል፤ ትልቁ ብርቱካንና ትንሹ ብርቱካን ብለው ነው ልኩን የሚጠሩት።

ሌላም ጥንቃቄ አለው። አንገት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ አይደረግም፤ ሊያንቅ ይችላል። ቁልፍና ጨሌ አይሰፋበትም፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። ሻካራ ክር የሕፃን ቆዳ ይፍቃል። ክሩ ታዲያ ከየት ይመጣል? አዲሱ ክር ውድ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ከሳልቫጅ ከተገዛ አሮጌ ሹራብ ተተርትሮ የሚገኝ ነው። የተተረተረ ክር እንደ በግ ጠጉር ይጠማዘዛል፤ እንዲያው ቢሠሩበት ኮፍያው ጎበጥ ጎበጥ ይላል። ስለዚህ በወንበር ጀርባ ላይ ይጠመጠማል፣ በሙቅ ውኃ ይነከራል፣ ጫፉ ላይ ነገር ተንጠልጥሎ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ክር የመጠቅለሉን ሥራ አሁን ሁለት ጡረተኞች ይዘውታል፤ ሴቶቹ ዘገምተኞች ናቸው ይላሉ፣ ግን አላባረሯቸውም። ኪሮሹንም ቢሆን ሁሉም ከሱቅ የገዛው አይምሰላችሁ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ተወስዶ ጫፉ በሞረድ ተሞርዶ የተሠራ አለ። ድሮ ልጆች ሆነን በብስክሌት ራጅ ሹራብ የሚሠሩ እኅቶች ነበሩን።

የእጅ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። እናቶቻችን በእንዝርት ሲፈትሉ ኖረዋል። የመንዝ ሰው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባናና በርኖስ ያሠራል። በሰሜን ተራሮች፣ በደባርቅ መንገድ ላይ፣ እረኞች ሾጣጣ የሱፍ ቆብ ለመንገደኛ ሲሸጡ ይታያሉ። የሐረር ሴቶች የሚሠሩት ኮፍያ የታወቀ ነው፤ በቡታጅራ ገበያም በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ኮፍያ ያደረገ አባት ማየት የዘወትር ነገር ነው። ሻሸመኔ ያሉት ራስ ተፈሪያን ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አድርገው ለዚያ ሁሉ ጠጉራቸው የሚበቃ ትልቅ ኮፍያ ይሠራሉ፤ በዚያ ክር የኛ ሴቶች አሥር ሕፃን ያለብሱ ነበር። በሰባዎቹ ዓመተ ምሕረት ዳንቴል የሌለበት ቤት እንዳልነበረም ታስታውሳላችሁ፤ ራዲዮኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ወንበሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ልጁ ግን ራቁቱን የሚሮጥበት ቤት አይተናል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቶች ፊደል ለመቁጠር ሲመጡ የእጅ ሥራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አንዳንዱ አስተማሪ ያስቀምጡ ነበር የሚላቸው። እኛ ደግሞ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ጆሯቸው የበለጠ እንደሚሰማ ያየነው ያኔ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኮፍያ ልጅ ያድናል ወይ? ይህን በሚገባ መለየት አለብን፤ ያልሆነውን ነው ብለን ገንዘብ ብንጠይቅ ተጠያቂዎች ነንና።

አራስ ሕፃን ከእናቱ ሆድ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የሕፃን ራስ ከሌላው አካሉ ጋር ሲተያይ ትልቅ በመሆኑ ሙቀቱ ብዙ የሚሸሸው በዚያ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን ይገባዋል። ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የተወለደ እንደሆነ ደግሞ የሚያሞቀው ስብ ስለሌለው ይብስበታል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች የሚሉት ወዲያው ይደረቅ፣ በእናቱ ደረት ላይ ይደረግ፣ ኮፍያ ይደረግለት፣ ቶሎ ጡት ይያዝ፣ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይሞላው አይታጠብ ነው። ይህን የመጨረሻውን አያቶች እንዲሰሙት እንፈልጋለን፤ በኛ ሰፈር ገና እትብቱ ሳይደርቅ ነው ወደ ገንዳ የሚወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥራቸው፣ ትንንሾቹን ሕፃናት በእናቶቻቸው ራቁት ደረት ላይ አስታጥቀው ማሳደር ጀመሩ። ባልደረባቸው ሄክቶር ማርቲኔዝም ሥራውን አስፋፉት። ካንጋሮ ልጇን በሆዷ ኪስ እንደምትይዘው ስለሆነ የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። ሕፃኑ የሚለብሰው የሽንት ጨርቅና ኮፍያ ብቻ ነው፤ የቀረው ልብሱ እናቱ ናት። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተሞክሮ ውጤቱ በጥናት ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ በሆኑ ሕፃናት ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ወጣ። ልጁ ተረጋግቶ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ፣ ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ ደረት ላይ ሲደረግ፣ በመጀመሪያው ወር ከመቶው 16 ያህል ይሞቱ የነበሩት ወደ 12 ዝቅ አሉ። ከመቶ አራት ማለት ነው። አራት ጡሩምባ፣ ነገር ግን በኛ ደንብ የማይነፋ ጡሩምባ።

ስለዚህ ያዳነው የእናት ደረት ነው፤ ኮፍያው ረዳት ነው። ኮፍያ ብቻውን ልጅ ያድናል አንልም። ታዲያ የማክሰኞዎቹ ሴቶች ጥቅም ምንድነው? ኮፍያው በር ያስከፍታል። በኛ ባህል እርግዝና አይነገርም፤ ሆድ እስኪያሳብቅ ይደበቃል። ለኮፍያ ሥራ የመጣችው ግን ከጎኗ ስድስት የወለደች ሴት ተቀምጣ ስለምታገኝ ትጠይቃለች። ራስ ምታቴ ምንድነው? እግሬ ለምን ያብጣል? ደም ባይ ምን ላድርግ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ከመዞር ማክሰኞ በረንዳው ላይ ብትመጣ ሁሉንም ታገኛለች፤ እየመጣችም ነው። አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ አካባቢያችንን ሲያገለግል የኖረ ነው፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ሆኖም ሴትዮዋ መሄድ እንዳለባት ካላወቀች መንገዱ ምን ያደርግላታል?

አሁን ወደ ተቃውሞው። «ዛሬ ለክር ከሰጠን ነገ ለሠርግ ይጠየቃል፤ መዋጮው የተሰበሰበው ለሞት ነው» ተብሏል። ቁም ነገር ያለበት ተቃውሞ ነው። የእድር ገንዘብ በሰበብ በሰበቡ ሲበተን አይተናል፤ ሣጥን መግዣ ያጣ እድር ምን እድር ነው? እኛም ከመዋጮው አንድ ሳንቲም ለክር ይውጣ አንልም። የምንለው ሌላ ነው፤ ድስቱ፣ ወንበሩና ሰሐኑ ለሠርግና ለተዝካር ሲከራይ የሚገባ ጥቂት ገቢ አለ። ከዚያ ላይ ጉባኤው የፈቀደውን ያህል ለክር ይመደብ፤ ሒሳቡም እንደሌላው ሁሉ በደረሰኝ ይወራረድ።

«እድር ከቀብር ውጭ ሥራ የለውም» ለሚለው ግን ታሪኩ አይደግፈውም። ብዙ ጸሐፊዎች እድር በአዲስ አበባ እንዲስፋፋ ያደረጉት ከአገራቸው ወጥተው ይሠሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ናቸው ይላሉ። እነዚያ ሰዎች ሬሳ በመቅበር ብቻ አልቀሩም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተወላጆቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩ፣ መንገድ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ ያላቸው ሰው አልጠፋም ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ ብዙ ቤት ባፈረሰ ጊዜም በአዲስ አበባና በሌላውም ከተማ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ ሕመምተኛ መጠየቅና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ለሣጥን ብቻ እያዋጣን እስከ መቼ ነው ያሉት ያኔ ነው።

አሁን ስለ መዝገባችን እንናገር፤ ይህ የኛ ሙያ ነውና ታገሡን። የሟች መዝገባችንን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላብጠናል። ተራ ቁጥር አለ፣ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ የተከፈለ ገንዘብ አለ። በዕድሜ ረድፉ ላይ ከአንድ ዓመት በታች የሚል የተጻፈበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው፤ ከሰማንያ ቀን በታች ደግሞ አንድም የለም። መዝገቡን ብቻ ያነበበ እንግዳ በአገና አራስ አይሞትም ብሎ ሊሄድ ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የተደረገው የጤና ጥናት በሕይወት ከተወለደ ከ1000 ልጅ 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ነው ያሳየው። ከሦስት ዓመት በፊት በተደረገው ደግሞ 29 ነበረ። እዚህ አዳራሽ ያላችሁትን እናቶች አንድ በአንድ ብንጠይቅ ቁጥሩን ከናንተ እናገኘው ነበር፤ አንጠይቅም።

መንግሥት እንኳ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዟል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ደረጃ ተጀምሯል። አዋጁ ሰማንያ ቀን ያልሞላው አይቆጠርም አይልም። ታዲያ ጎረቤት ሆነን፣ አብረን ቡና የምንጠጣ ሆነን፣ እኛ ለምን አንቆጥርም? ደንባችን ሲወጣ የነበሩ አባቶች ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ሕፃን ይሞት ነበር፣ ለእያንዳንዱ ድንኳን ቢተከል ሰው ከልቅሶ ቤት ወደ ልቅሶ ቤት ሲዞር እርሻው ይቀር ነበር። ይገባናል። አሁንም ቢሆን ለአራስ ሦስት ቀን ይቀመጥ፣ ሙሉ ክፍያ ይከፈል አንልም። አንዳንድ ቤተሰብም በዝምታ መቅበርን ይመርጣል፤ ያም መብቱ ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ ከፈለገ ጡሩምባ ይነፋለት። ሦስት ሴቶች በራሳቸው ፈቃድ ያደረጉትን እድሩ በደንቡ ያድርገው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ቡናና ቆጮ ይዞ የሚሄድ ሰው ይመደብ። በመዝገቡም ላይ አንድ መስመር ይሰጠው። ስም ካልወጣለት «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፋል፤ እኛ በመዝገብ ቤት ስንሠራ ስም የሌለው ፋይል ቁጥር ይሰጠው ነበር እንጂ አይጣልም ነበር።

አንዲት ነገር እንጨምርና እንጨርስ። ከሴቶቹ መካከል ይህን የመዝገብ ነገር ስንነግራት «ጋሼ፣ እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ሁለት አለኝ፤ የቆየ ነው፣ ይቻላል?» ያለችን አለች። ደንቡ ከተሻሻለ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን እኛ ብቻችንን መልስ ልንሰጥበት አልቻልንም። ለጉባኤው አቅርበናል።

ስለዚህ ዛሬ የሚወሰነው፣ የማክሰኞው በረንዳ በደንብ እንዲፈቀድ፣ ከዕቃ ኪራይ ላይ ለክር የሚሆን እንዲመደብ፣ የሰማንያ ቀኑም አንቀጽ ለኮሚቴ ተመርቶ በሚቀጥለው ስብሰባ ተሻሽሎ እንዲቀርብ ነው። የመርካቶ ልጆቻችን ሆይ፣ ለመስቀል ስትመጡ ለእናት ከምታመጡት ነጠላ ጋር ሁለት ሁለት ጥቅል ለስላሳ ክር ብትጨምሩ ጉባኤው አይከለክላችሁም። ነጭ አታብዙ፤ ቶሎ ይቆሽሻል። የማትለብሱት ሹራብ ያላችሁም ቀዳዳ ስላለው አትፈሩ፤ ይተረተራል።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ናሙናዎቹ ገንዘብ ያዡ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩአቸው። ቀዩን ብቻ አታንሡት፤ ትናንት ማታ ለተወለደችው የአባላችን ልጅ ነው፤ አያቷ ከስብሰባው በኋላ ይወስዱታል።